ኳንተም ኮምፒውተር ምንድን ነው? የምስጢር ቁልፎችስ ለምን እየተቀየሩ ነው?

በእጅ ስልክ ለቤተሰብ ገንዘብ ሲላክ፣ መልእክቱ ከስልኩ ወደ ባንኩ የሚጓዘው በምስጢር ተቆልፎ ነው። ቁልፉን የሚጠብቀው ብረት ወይም ዘበኛ ሳይሆን የሒሳብ ስሌት ነው። ኳንተም ኮምፒውተር የመንግሥታትንና የባንኮችን ትኩረት ከሳበባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህን ስሌት ወደፊት ሊፈታ መቻሉ ነው።

የነገሩ መነሻ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1900 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ፕላንክ፣ የጋሉ አካላት የሚያመነጩትን ብርሃን ለማብራራት፣ ኃይል እንደ ውኃ ሳይቋረጥ የሚፈስ ሳይሆን እንደ እህል ፍሬ በተወሰነ መጠን ተከፋፍሎ የሚሰጥ አድርገው አሰሉ። ተከታዮቻቸው ደግሞ ኤሌክትሮንን የመሰሉ ደቂቅ ቅንጣቶች የሞገድ ጠባይ እንዳላቸው አረጋገጡ። እንዲህ ያለ ቅንጣት እስኪለካ ድረስ በአንድ ሁኔታ ብቻ የተወሰነ አይደለም።

የተለመደው ኮምፒውተር መረጃን የሚይዘው በቢት ነው። ቢት እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ከሁለት አንዱን፣ ዜሮን ወይም አንድን ይይዛል። የኳንተም ኮምፒውተር ኪዩቢት ግን የሁለቱ ጥምር በሆነ ሁኔታ ሊቆይ ይችላል። ኪዩቢቶች እርስ በርስ ሲቆራኙም የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ተነጥሎ ሊገለጽ አይችልም። በዚህም የተነሣ የ300 ኪዩቢቶችን ቁርኝት አሟልቶ ለመጻፍ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች በሚታየው ጠፈር ካሉት አተሞች ይበልጣሉ።

ይሁን እንጂ ኳንተም ኮምፒውተር ሁሉንም መልሶች በአንድ ጊዜ ሞክሮ ትክክለኛውን ይመርጣል የሚለው የተለመደ አባባል ስሕተት ነው። ኪዩቢቶቹ ሲለኩ የሚገኘው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ያም በዕድል የሚወጣ ነው። ጥበቡ ያለው ከመለካቱ በፊት ነው። ሁለት የውኃ ሞገዶች ሲገናኙ፣ ከፍታ ከከፍታ ጋር ከገጠመ ይጠናከራሉ፤ ከፍታ ከዝቅታ ጋር ከገጠመ ይጠፋፋሉ። የኳንተም ስሌትም ወደ ስሕተት የሚያመሩት ሞገዶች እንዲጠፋፉ፣ ወደ ትክክለኛው መልስ የሚያመሩት እንዲጠናከሩ ተደርጎ ይቀመራል። ይህ የሚቻለው ለተወሰኑ የስሌት ዓይነቶች ብቻ ስለሆነ፣ መሣሪያው ደብዳቤ ለመጻፍም ሆነ ቪዲዮ ለመመልከት ከዛሬው ኮምፒውተር የተሻለ አይሆንም።

ከእነዚያ ስሌቶች አንዱ ግን የምስጢር ቁልፍን ይነካል። 61ን በ53 ማባዛት ቀላል ነው፤ ውጤቱ 3,233 ይሆናል። 3,233 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደሆነ የሚጠየቅ ሰው ግን ብዙ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተፈለሰፈው አርኤስኤ የተባለው የምስጠራ ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ቁጥር እስከ 617 አሃዞች ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ሾር፣ በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ይህን እንቆቅልሽ በአጭር ጊዜ ሊፈታ እንደሚችል አሳዩ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ገና አልተሠራም። ኪዩቢት በጥቂት ሙቀትና ንዝረት ስለሚረበሽ፣ ከዓይነቶቹ አንዱ የሚሠራው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ይፋ ያደረገው ዊሎው የተሰኘው ቺፕ 105 ኪዩቢቶች ያሉት ሲሆን፣ አርኤስኤን ለመስበር ከሚያስፈልገው አቅም እጅግ የራቀ ነው። ሥጋቱ ግን ዛሬ ተቆልፎ የሚያልፍ መረጃ ተጠልፎና ተከማችቶ ወደፊት ሊከፈት መቻሉ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ የተባሉ ሦስት የምስጠራ ደረጃዎችን ያጸደቀው ለዚህ ነው። በአቡ ዳቢ የሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢኖቬሽን ኢንስቲትዩትም የኳንተምና የምስጠራ ምርምር ማዕከላት አሉት።

ቁልፎቹን የሚለውጡት ባንኮችና የስልክ መተግበሪያ አዘጋጆች ናቸው። የተጠቃሚው ድርሻ የስልኩን ሶፍትዌርና መተግበሪያዎች በየጊዜው ማደስ ነው። በስልክ ደውሎ የምስጢር ቁጥር ለሚጠይቅ አጭበርባሪ ቁጥሩን አሳልፎ የሰጠ ሰው ግን፣ አሮጌውም ሆነ አዲሱ ቁልፍ አያድነውም።