ዜማ ማን ይሠራል? እንዴትስ ይሠራል?

ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪዎች ተሰልፈው ይዘምራሉ። አንድ ቀን ከሰልፍ መልስ ተማሪዎቻችንን፣ «አሁን የዘመራችሁትን መዝሙር ማን ሠራው?» ብለን ጠየቅናቸው። ክፍሉ ዝም አለ። በመጨረሻ አንዱ እጁን አወጣና፣ «መንግሥት ነዋ!» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ኧረ እሱ ዱሮም የነበረ ነው» ሲል ክፍሉ በሣቅ ሞላ።

መልሱ ግን ሌላ ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚዘመረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የሰሎሞን ሉሉ፣ ግጥሙ የደረጀ መላኩ መንገሻ ሥራ ነው። ስማቸውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ከተማሪዎቹ አንዷ፣ «እንዴ! ዜማ ሰው ይሠራዋል እንዴ?» አለች። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

ጥፋቱ የኛ ነበር

እኛ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ትምህርታችንን ለአንድ ዓመት አቋርጠን ለአገልግሎት ወደ አንዲት የወሎ ወረዳ ከተማ ተመደብን። ፈቅደን ሳይሆን ታዘን ነው የሄድነው። ሥራችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ማስተማር ነበር። ይሁን እንጂ ከመካከላችን አንዱ በዩኒቨርሲቲው የኪነት ቡድን ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ስለነበር፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሙዚቃ ክበቡን ደርባችሁ ያዙ ተባልን። የክበቡ ንብረት አንድ የተቀደደ ከበሮ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን 43 ተማሪዎች መጡ። ደስ አለን። በሰሌዳው ላይ አምስት መስመር አሰምረን፣ «ይህ ዶ ነው፣ ይህ ሬ ነው፣ ይህ ሚ ነው» እያልን እናስተምር ጀመር። ተማሪዎቹም ሁሉን እንደ ካርታ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። የሚያዜም ግን አልነበረም። ከአራት ሳምንት በኋላ የቀሩት 11 ብቻ ሆኑ።

ይባስ ብሎ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ጠርተውን፣ «ልጆቹ ለወላጆች ቀን ራሳቸው የሠሩትን ዘፈን ያቅርቡ። ካልሆነ ክፍሉን ለማጠናከሪያ ትምህርት እንፈልገዋለን» አሉን። የቀረን ጊዜ ሰባት ሳምንት ነበር። ቅር አለን። ግን ስናስበው እውነታቸውን ነው። የማይዘፍን የሙዚቃ ክበብ ምን ያደርጋል?

የአምስት መስመሩ አጻጻፍ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የሙዚቃ ባለሙያ ሊያውቀው ይገባል። ነገር ግን ሕፃን ልጅ አፉን የሚፈታው ፊደል ቆጥሮ አይደለም። መጀመሪያ ይናገራል፤ ቀጥሎ ይጽፋል። እኛ ግን ልጆቹን አፋቸውን ሳይፈቱ ጻፉ አልናቸው።

ከአያት ወፍጮ

መፍትሔው የመጣው ከእኛ አይደለም። አንድ ሐሙስ ትምህርቱ አልቆ ክፍሉን ስንጠርግ፣ ያቺው የጠየቀችን ልጅ መጥረጊያዋን ይዛ ታንጎራጉር ነበር። «የምን ዘፈን ነው?» አልናት። አፈረች። «ዘፈን አይደለም፤ አያቴ ዱሮ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ የሚሉት ነው» አለችን። «እስቲ ድገሚው» አልናት። ስትደግመው ሌሎቹ ልጆች መጥረጊያቸውን አቁመው ተቀበሏት። ሁሉም ያውቁታል! አራት ሳምንት ሙሉ አፋቸውን ያልከፈቱ ልጆች ናቸው።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። ተማሪዎቻችን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ዜማ ከየቤታቸው ይዘው መጥተዋል፤ አንዱ ከአያቱ ወፍጮ፣ አንዱ ከደቦ ሥራ፣ አንዱ ከሠርግ፣ አንዱ ከመንዙማ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን። የጎደላቸው የያዙትን ነገር ከፍሎ ማየት ብቻ ነው።

እናንተም ውድ አንባቢያን፣ ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊት ትናገሩ ነበር። ፊደል አዲስ ቋንቋ አልሰጣችሁም፤ የነበራችሁን ቋንቋ ቁልጭ አድርጎ አሳያችሁ እንጂ። የዜማ ትምህርትም እንዲሁ ነው።

አምስቱ ድምፆች

በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል የሚዜሙት አብዛኞቹ ባህላዊ ዘፈኖች የሚሠሩት ከአምስት ድምፆች ነው። አምስቱ ድምፆች የሚደረደሩበት ሥርዓት ቅኝት ይባላል። ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎችም ስሞች ናቸው። ተማሪዎቻችን ግን ባቲን የሚያውቋት በሰኞ ገበያዋ ብቻ ነበር።

ቅኝቶቹን ለመለየት በግድግዳው ላይ በጠመኔ 12 ደረጃ ያለው መሰላል ሣልን። ለምን 12? በፒያኖና በኪቦርድ ላይ አንድ ድምፅ ተነሥቶ ያው ድምፅ ቀጥኖ እስኪመለስ ድረስ 12 እኩል እርምጃ ስላለ ነው። ቅኝት ማለት ከ12ቱ ደረጃዎች አምስቱን መርገጥ፣ ሌሎቹን መዝለል ነው። ከታች ወደ ላይ ስንቆጥር እንዲህ ይሆናል፦

ትዝታ፦ 1፣ 3፣ 5፣ 8፣ 10
ባቲ፦ 1፣ 5፣ 6፣ 8፣ 12
አምባሰል፦ 1፣ 2፣ 6፣ 8፣ 9
አንቺሆዬ፦ 1፣ 2፣ 6፣ 7፣ 10

ትዝታና ባቲ ከአንድ በላይ ዓይነት አላቸው። ለምሳሌ ያህል በትዝታ ላይ 5ን ወደ 4፣ 10ን ወደ 9 ዝቅ ብናደርግ ሌላው ዓይነት ትዝታ ይወጣል፤ ይኸኛው ይበልጥ ሆድ ያባባል። ክራር መቺ በጆሮው ሲቃኝ ደግሞ ከፒያኖው ጥቂት ሊለይ ይችላል። ስለዚህ መሰላሉ መማሪያ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ክራር አልነበረንም። ስለዚህ አምስት ልጆች በተርታ አቁመን ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ድምፅ ሰጠን። ድምፁን ያገኘነው በስልክ ላይ ካለ ትንሽ ኪቦርድ ነው። አንድ ልጅ እንጨት ይዞ ወደ አንዱ ሲጠቁም፣ የተጠቆመው ልጅ የራሱን ድምፅ ያወጣል። ልጆቹ ይህን «የሰው ክራር» አሉት።

ሦስተኛው ላይ የቆመው ልጅ ድምፁ እየወረደ ሁሉን ያበላሽ ነበር። ልጆቹ ይውጣልን አሉ። እኛ ግን እንጨቱን ሰጠነው። ከሁሉም የተሻለ ጠቋሚ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው፣ ዜማ ለመሥራት መልካም ድምፅ የግድ እንደማያስፈልግ ነው። የሚያስፈልገው ጆሮና ትዕግሥት ነው።

ቃሉን መቁጠር

ቀጥሎ ግጥሙ መጣ። ብዙዎቹ ልጆች የገጠር ልጆች ናቸው። ከተማ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ቅዳሜ ወደ ቤተ ሰብ ይሄዱና እሑድ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። «ስለ ምን እንዝፈን?» ስንላቸው አንዳንዶቹ ስለ ፍቅር፣ አንዳንዶቹ ስለ ዓባይ አሉ። ያቺው ልጅ ግን፣ «ስለ ስንቃችን ለምን አንዘፍንም?» አለች። ከብዙ ክርክር በኋላ ለአያቷ እንዲህ ብለው ገጠሙ፦

እንጀራሽን ይዤ መንገዱን ስወጣ፣
ደብዳቤሽ እኔ ነኝ ወዳንቺ ስመጣ።

እስቲ በጭብጨባ እንቁጠረው። እን - ጀ - ራ - ሽን - ይ - ዤ። ፊደሎቹ ስምንት ናቸው፤ ጭብጨባው ግን ስድስት ነው። ለምን? «እን» እና «ሽን» ስንል ሁለት ሁለት ፊደል በአንድ ትንፋሽ ስለሚወጣ ነው። መን - ገ - ዱን - ስ - ወ - ጣ። ይህም ስድስት ነው። ስድስት በስድስት የሚሄደው ምጣኔ ወል ቤት ይባላል፤ በአማርኛ ግጥም እጅግ የተለመደ ነው። ልጆቹ ስሙን አያውቁም፤ ግን አንድ ጭብጨባ ሲተርፍ ወዲያው «ይጎረብጣል!» ይላሉ። ጆሯቸው ቀድሞ ቆጥሮታል።

ጥያቄና መልስ

አሁን ቃሉን ከዜማው ጋር እናጋባ። ልጆቹ የመረጡት ትዝታን ነው። አምስቱን የትዝታ ድምፆች ከታች ወደ ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብለን እንጥራቸው። ለእያንዳንዱ ጭብጨባ አንድ ቁጥር እንሰጣለን።

«እንጀራሽን ይዤ»፦ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 2፣ 2
«መንገዱን ስወጣ»፦ 3፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1

የመጀመሪያው ግማሽ በ2 ላይ ያበቃል። እዚያ ላይ ብናቆም ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። እንደ ጥያቄ ተንጠልጥሎ ይቀራልና። ሁለተኛው ግማሽ በ1 ላይ ሲያርፍ ግን መልስ ይሆናል። 1 የዜማው ቤት ነው። ከቤት ይወጣል፣ ይዞራል፣ ወደ ቤት ይመለሳል።

ለሁለተኛው ስንኝ ልጆቹ ከፍ ካለ ቦታ ተነሡ፦

«ደብዳቤሽ እኔ ነኝ»፦ 5፣ 5፣ 4፣ 3፣ 4፣ 4
«ወዳንቺ ስመጣ»፦ 3፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1

ልብ በሉ፤ የመጨረሻው ግማሽ የቀድሞው ግማሽ ራሱ ነው። አዲስ የሆነው ሦስተኛው ብቻ ነው። ሁሉ ነገር ቢደጋገም ሰሚው ይሰለቻል። ሁሉ ነገር አዲስ ቢሆን ደግሞ የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ ዜማ ሠሪ ይደግማል፣ ጥቂት ይለውጣል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

መጻፍ ለምን አስፈለገ?

ማክሰኞ የተሠራው ዜማ ሐሙስ ሲደርስ ጠብ አስነሣ። ግማሾቹ «እንዲህ ነበር»፣ ግማሾቹ «አይ፣ እንዲያ ነበር» አሉ። ማን ይዳኝ? ያን ጊዜ አንዱ ልጅ ቁጥሮቹን ከቃሎቹ በላይ ጻፋቸውና ጠቡ በረደ።

ይህ ልጅ ሳያውቀው የቀደምቶቹን መንገድ ነው የተከተለው። በአገራችን ዜማን በጽሑፍ መያዝ አዲስ ነገር አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደኖረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ የቤተ ክርስቲያን ዜማ አባት ነው። ከእርሱ በኋላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን ምልክት ሥርዓት እንዳስያዙ ይነገራል። ምልክት ማለት ከቃሉ በላይ የሚጻፍ ትንንሽ የዜማ ምልክት ነው።

ቁጥሩ ግን አንድ ነገር ጎደለው። የትኛው ድምፅ ረዘም፣ የትኛው አጠር እንደሚል አያሳይም። ልጆቹ ይህን ሲያዩ፣ «ያ በመጀመሪያ ቀን የሣላችሁት አምስት መስመር ይህን ያሳያል?» ብለው ጠየቁን። ሳቃችን መጣ። በአራት ሳምንት ያልገባላቸውን በሁለት ቀን ያዙት። አሁን የሚጽፉት ነገር ነበራቸዋ!

የወላጆች ቀን

ልጆቹ ዘፈኑን አቀረቡ። ከበሮ ስላልነበረ በጭብጨባ ሄዱ። የልጅቱ አያትም መጥተው ነበር። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እሳቸው ዝም ብለው አዳመጡ። ሲያበቃ ልጅቱን ጠርተው፣ «መልካም ነው። ግን ‹ደብዳቤሽ› ላይ አትቸኩሉ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቆዩ። ወፍጮ ሲከብድ እኮ እጅ ይቆያል» አሏት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ልጆቹ ያንን ቦታ አስረዝመው ሞከሩት። እውነትም ዘፈኑ ከበፊቱ ይልቅ አማረ። ፊደል ያልቆጠሩ መምህር አርመውናል።

ክፍሉ ለማጠናከሪያ ትምህርት አልተወሰደም። ከበሮውም አልተጠገነም። የአገልግሎት ዘመናችን አልቆ ስንሄድ የክበቡ አባላት 26 ነበሩ። እንጨቱን የያዘው ያው ድምፁ የሚወርደው ልጅ ነበር።

እንግዲህ ዜማ የሚሠራው ሰው ነው። የሚሠራውም ሲሰማ ካደገው ነገር ነው። በየቤታችሁ የወፍጮ፣ የደቦ፣ የእሹሩሩ ዜማ የሚያውቁ አረጋውያን አሉ። የድንጋይ ወፍጮ በየቦታው እየቀረ ነው፤ ከወፍጮው ጋር ዜማውም ይቀራል። አሁን መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ ቃሉን ጻፉት። ማን እንዳለው፣ በምን ሥራ ላይ እንደሚባልም ጻፉ። ልጆቻችሁ ነገ አዲስ ዜማ ሲሠሩ የሚነሡበት ቤት ይሆናቸዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጸሐፊዎቹ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ያጠፉት ጥፋት ምን ነበር?
2. ቅኝት ምንድን ነው? አራቱን ዋና ዋና ቅኝቶች ጥቀሱ።
3. የምታውቁትን አንድ ስንኝ በጭብጨባ ቁጠሩ። ፊደሎቹ ስንት ናቸው? ጭብጨባውስ?
4. ድምፁ የሚወርደው ልጅ ከክበቡ ቢባረር ኖሮ ምን ይጎድል ነበር?
5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የሚባል አንድ የሥራ ዜማ ቃሉን ጽፋችሁ ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።