የስንዴ ዋግና የጎረቤታሞች ምርምር

የስንዴ ዋግ ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ ሲሆን፣ በግንድና በቅጠል ላይ የሚወጣው ብናኝ በነፋስ ተነሥቶ ከአገር አገር ስለሚሻገር፣ አንድ አገር ለብቻው የሚያካሂደው ምርምር ምንም ያህል ቢጠናከር የአርሶ አደሩን ማሳ ሊታደግ አይችልም። ለዚህ ጉልህ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የተገኘውና ‹‹ዩጂ 99›› የተባለው የግንድ ዋግ ዓይነት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ይህ ዓይነት የዓለምን ስንዴ ለዐሥርተ ዓመታት ሲጠብቅ የኖረ የመቋቋም ባሕርይን ሰብሮ በ2001 ኬንያ፣ በ2003 ኢትዮጵያ፣ በ2006 ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገብቷል። የኖቤል የሰላም ተሸላሚው የስንዴ ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ በዘጠና አንድ ዓመታቸው፣ በ2005፣ ስለ ዩጂ 99 አደገኛነት ማስጠንቀቂያ ያሰሙትም በዚሁ ምክንያት ነበር።

የጋራ ምርምር ለምሥራቅ አፍሪካ አዲስ ነገር አይደለም። በናይሮቢ አቅራቢያ ሙጉጋ በተባለው ስፍራ በቅኝ ግዛት ዘመን የተቋቋሙት የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ምርምር ድርጅቶች ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን በአንድነት ያገለግሉ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ዋልተር ፕላውራይት የደስታ በሽታን ክትባት ያዘጋጁት በዚሁ በሙጉጋ ሲሆን፣ ደስታ ማለት በዐፄ ምኒልክ ዘመን በሬውን ጨርሶ ‹‹ክፉ ቀን›› የተባለውን ረኀብ ያስከተለው ያው የከብት ወረርሽኝ ነው። አገሮች ለክትባት ዘመቻ ከተባበሩ በኋላ በሽታው በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታውጇል። ሆኖም ሦስቱን አገሮች ያስተሳስር የነበረው የቀድሞው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1977 ሲፈርስ የሙጉጋው የጋራ ሥራ አብሮ ተበትኗል፤ ፖለቲካው ሲሻክር ምርምሩም አብሮ እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

የተበተነውን መልሶ ለማሰባሰብ በ1994 አሳሬካ የተባለው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የግብርና ምርምር ማጠናከሪያ ማኅበር ተመሠረተ፤ መቀመጫውም የኡጋንዳዋ ኢንቴቤ ሆነች። ቀጥሎም በዓለም ባንክ ብድር የተካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ የግብርና ምርታማነት ፕሮጀክት ሥራውን በአገሮች መካከል አከፋፈለ፦ ኬንያ የወተት ከብትን፣ ታንዛኒያ ሩዝን፣ ኡጋንዳ ካሳቫን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በአሰላ አቅራቢያ ባለው በቁሉምሳ የምርምር ማዕከል ስንዴን ይዘው፣ አንዱ ያገኘውን ለሌላው እንዲያካፍል ታሰበ።

ትብብሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የኬንያው ንጆሮና የኢትዮጵያው ደብረ ዘይት የሙከራ ማሳዎች ይበቃሉ። ከብዙ አገሮች የሚላኩ የስንዴ ዝርያዎች በመደዳ ይዘራሉ፤ በዙሪያቸውም ዋግ በቀላሉ የሚይዘው ስንዴ ሆን ተብሎ ይዘራና በሽታው ከእርሱ ተነሥቶ ወደ መደዳዎቹ እንዲዛመት ይደረጋል። ተመራማሪው ግንዱን በጣቱ ሲያሸው የሸክላ መልክ ያለው ብናኝ የሚለቀውን ዝርያ ይጥላል፣ በሽታውን የተቋቋመውን ያስቀራል። ከእነዚህ ማሳዎች የሚገኘው መረጃ የአንድ መንግሥት ንብረት አለመሆኑ የትብብሩ ትልቁ ሀብት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከሙከራው ማሳ ወዲህ ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው ሌላ የዋግ ዓይነት በኢትዮጵያ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ ሲመታ፣ አርሶ አደሩ ዲገሉ ወደተባለው ሌላ ዝርያ ዞረ፤ በ2013ና 2014 ደግሞ ከዩጂ 99 ወገን ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉን አጠፋው፤ ምርቱ ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸው ማሳዎችም ነበሩ። በሁለት ሄክታር መሬት ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ የማዳበሪያ ዕዳና የልጆች ቀለብ ጉዳይ ነው። ተተኪው ዘር ተባዝቶ እስኪደርስ ስለምን እንደሚዘገይ ሲጠየቅ፣ ከኃላፊዎች የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ‹‹በሂደት ላይ ነው›› ከሚለው አያልፍም።

ለጋሾች እጃቸውን ሲሰበስቡ አሳሬካ መዳከሙ፣ የአባል አገሮች መዋጮ የሥራው መሠረት ሊሆን እንደሚገባ አሳይቷል። የዘሩን ዝውውር በተመለከተ ደግሞ፣ የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) አባል አገሮች በ2014 ባጸደቁት የዘር ንግድ ደንብ መሠረት፣ በሁለት አባል አገሮች የተለቀቀ ዝርያ በቀጣናው መዝገብ ሲሰፍር በሌሎቹም ሊሸጥ ይችላል። መንግሥታቱ ይህን ደንብ በየአገራቸው ሕግ ሊያጸኑትና የዘር ብዜቱን ገንዘብ ከራሳቸው በጀት ሊመድቡ ይገባል።