የብራና መጻሕፍትን ለመመዝገብ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ደብረ ብርሃን፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች የሚገኙ አድባራትና ገዳማት ከትውልድ ትውልድ የተላለፉ የብራና መጻሕፍትን በዕቃ ቤቶቻቸው ይዘው ይኖራሉ። ዳዊት፣ ወንጌል፣ ተአምረ ማርያም፣ ገድል፣ ድርሳን፣ ስንክሳርና ግብረ ሕማማት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከፊሎቹ ዛሬም በየበዓሉ ወጥተው ይነበባሉ፤ ከፊሎቹ በማኅደራቸው እንደተሰቀሉ ይቆያሉ። መዝገብ በሌለበት ደብር ግን ስንት መጻሕፍት እንዳሉ፣ የትኛው የት እንደተቀመጠና የትኛው እንደተጎዳ የሚያውቁት ቄሰ ገበዙ ወይም ዕቃ ቤት ጠባቂው ብቻ ናቸው። እርሳቸው በሞት ወይም በዝውውር ሲለዩ ዕውቀቱም አብሯቸው ይሄዳል።

የመጻሕፍቱን ዝርዝር በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ለመያዝ የሚነሣ ሰበካ ጉባኤ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ሶፍትዌር እንጫን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ምን እንደሚመዘገብ መወሰን ከሶፍትዌሩ ይቀድማል። ሶፍትዌር በየጊዜው ይለወጣል፤ በጥንቃቄ የተሰበሰበ ዝርዝር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ መኖር ይችላል።

መዝገቡ ለምን ያስፈልጋል?

የብራና መጽሐፍ በእጅ የተጻፈ በመሆኑ ትክክለኛ አምሳያ የለውም፤ ከጠፋ በምትኩ የሚገዛ አይገኝም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ወደ ለንደን ከተወሰዱት መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። የእነዚህ ዝርዝር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1877 በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ወጣ። በሀገር ቤት ከቀሩት መካከል ግን ዛሬም ዝርዝር የሌላቸው ብዙ ናቸው።

ስርቆት ሲፈጸም ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። አንድ መጽሐፍ ተሰርቆ በሌላ ከተማ ቢያዝ «የእኛ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ቁመቱ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ የሥዕሎቹ ዓይነት፣ በሽፋኑ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ በኅዳጉ የተጻፈው ስም ማስረጃ ይሆናሉ። እነዚህን ከስርቆቱ በኋላ ለመሰብሰብ መሞከር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ጉዳዩ ለገበሬውም የሩቅ አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን በወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ስጦታ፣ የርስትና የጉልት ጉዳይ፣ ሽያጭና ስምምነት ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ ሲጠፋ ጸሎቱ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው የመሬትና የቤተሰብ ታሪክም አብሮ ይጠፋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርሶች እንዲመዘገቡ የሚያዝዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተጀመረ ሥራ

የሸዋ ብራናዎችን የመመዝገብ ሥራ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የመቅረጽ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በውጭ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል.» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ይህ ሥራ በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትን ቀርጿል። በቀድሞው የመንዝና ግሼ አውራጃ ከነበሩ አብያተ ክርስቲያናት የተቀረጹም ይገኙበታል።

ከዚህ ስብስብ የመጀመሪያዎቹ 5 ሺህ መጻሕፍት በአሥር ቅጽ ተዘርዝረዋል። በዝርዝሩ ሥራ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሰሜን ሸዋ ሰው ነበሩ፤ የተወለዱት በሸንኮራ ነው። ያን ሁሉ መጽሐፍ ለመዘርዘር መጀመሪያ ያስፈለገው ማንበብ የሚችል ሰውና ለሁሉም መጽሐፍ አንድ ዓይነት የምዝገባ ሥርዓት ነበር።

በዚያ ዘመን የተቀረጸ መጽሐፍ የራሱ ተከታታይ ቁጥር አለው። ዛሬ መዝገብ የሚያዘጋጅ ደብር ይህን ቁጥር ካገኘ በዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል፤ መጽሐፉ በዚያ ጊዜ በደብሩ እንደነበረ የሚመሰክር ነውና። የሂል ቤተ መጻሕፍት የመረጃ ገጽ ተመዝግቦ ለሚገባ ሰው በነፃ ይከፈታል።

በቅድሚያ ምን ይመዝገብ?

የባህል ቅርሶችን ለመለየት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት «ኦብጀክት አይዲ» የተባለ አጭር መስፈርት አለ፤ ይፋ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ነው። የሚጠይቀው ፎቶግራፍ፣ የዕቃው ዓይነት፣ የተሠራበት ነገር፣ መጠን፣ በላዩ ያለ ጽሑፍ፣ ልዩ ምልክት፣ ርእስ፣ ይዘት፣ ዘመንና ሠሪ ነው። ይህ ለብራና መጽሐፍ ሲመነዘር የሚከተሉትን ይይዛል፦

መለያ ቁጥር፤ የመጽሐፉ ስም፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፤ ቁመት፣ ስፋትና ውፍረት በሴንቲ ሜትር፤ የቅጠል ብዛት፤ በገጽ ያለው የዐምድና የመስመር ብዛት፤ የሥዕል ብዛትና ይዘት፤ የሽፋኑ እንጨትና ቆዳ ሁኔታ፤ ማኅደር ያለው መሆን አለመሆኑ፤ የጸሐፊውና ያጻፈው ሰው ስም፤ በኅዳግ የሰፈረ ማስታወሻ፤ በውኃ፣ በአይጥ ወይም በብል የደረሰ ጉዳት፤ የተቀመጠበት ቦታ፤ የተመዘገበበት ቀንና የመዝጋቢው ስም።

መለያ ቁጥሩ በብራናው ላይ በእስክርቢቶ አይጻፍም፤ በፕላስተርም አይለጠፍም። በወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ በማኅደሩ ውስጥ ቢቀመጥ ወይም በጥጥ ክር ከማኅደሩ ጋር ቢታሰር መጽሐፉን አይጎዳም።

ለሌላ ሥራ የተሠሩ መተግበሪያዎች

በስልክ ገበያ ላይ «የስብስብ መዝገብ» የሚባሉ መተግበሪያዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የተሠሩት ለታተሙ መጻሕፍት፣ ለፊልሞችና በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰብሳቢ ላላቸው በሥዕል ለሚተረኩ መጽሔቶች ነው። የመጽሔት ሰብሳቢው የሽፋኑን ባርኮድ በስልኩ ካሜራ ያነሣል፤ መተግበሪያው ርእሱን፣ አሳታሚውንና ዓመቱን ከማእከላዊ የመረጃ ቋት አምጥቶ ይሞላለታል። ሺህ ቅጂ ላለው ኅትመት ይህ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ብራና ግን ባርኮድ የለውም፤ ዝርዝሩም በየትኛውም ቋት ተሞልቶ አይጠብቅም። ስለዚህ የእነዚህ መተግበሪያዎች ዋና ጥቅም ለደብሩ አይሠራም። የሚቀረው ወርኃዊ ክፍያው፣ የኢንተርኔት ፍላጎቱና ለመጽሐፉ የማይስማማው ቅጽ ነው። በታተሙ መጻሕፍት ለተሞላ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ግን ሊጠቅሙ ይችላሉ።

ሁለተኛው አማራጭ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው። ከነፃዎቹ መካከል የታወቀው ኮሃ በኒውዚላንድ ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ አገልግሎት የሰጠ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ይሠራበታል። ኮሃ የማዋስና የመመለስ ሥራን ይቆጣጠራል፤ ነገር ግን ሰርቨርና የሚከታተለው ባለሙያ ይፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበትና ባለሙያ በማይገኝበት የገጠር ደብር ሸክሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ሦስተኛው እንደ ኤክሴል ያለ የሠንጠረዥ ሶፍትዌር ነው። ሊብሬኦፊስ ካልክ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የቢሮ ሥራ የሚያውቅ ማንኛውም ወጣት ይረዳዋል። ከመቶ ያነሱ መጻሕፍት ላሉት ደብር ለመነሻ የሚመቸው ይህ ነው።

ሠንጠረዡም ጉድለት አለው። በአንድ ሽፋን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ድርሰት ይገኛል፤ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም አብረው እንደሚጠረዙት ማለት ነው። ሁሉንም በአንድ መስመር ማጨቅ በኋላ ለፍለጋ ያስቸግራል። መፍትሔው ሁለት ሠንጠረዥ መክፈት ነው፦ አንዱ ለጥራዙ፣ ሁለተኛው በጥራዙ ውስጥ ላሉት ድርሰቶች፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው መለያ ቁጥሩ ነው።

ፊደሉና ዘመን አቆጣጠሩ

በውጭ የተሠራ ሶፍትዌር በአማርኛ ሲሠራበት የሚፈተነው በሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው የፊደል አቀማመጥ ነው። የግእዝ ፊደል «ዩኒኮድ» በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የተካተተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉ ሁሉ በዩኒኮድ መጻፍ አለበት። በኮምፒዩተር የተጻፈው ስም በስልክ ላይ በትክክል ከተነበበ ጥሩ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሆሄያት ናቸው። ለአንባቢ «ሠ»ና «ሰ»፣ «ጸ»ና «ፀ»፣ «ሀ»፣ «ሐ»ና «ኀ» ቅርብ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። «ሥንክሳር» ተብሎ የተመዘገበ መጽሐፍ «ስንክሳር» ብሎ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። ስለዚህ ሁለት ዐምድ ያስፈልጋል፦ በአንዱ ስሙ በመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው፣ በሌላው ሁሉም መዝጋቢ በተስማማበት አንድ አጻጻፍ ይሰፍራል። ተራ ቁጥሩም በ፩፣ ፪፣ ፫ ፈንታ 001፣ 002፣ 003 እየተባለ ቢጻፍ ኮምፒዩተሩ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ አይቸገርም።

ሦስተኛው ቀን ነው። ሠንጠረዡ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን ቀን ነው። በአሜሪካ ቅንብር በሚሠራ ኮምፒዩተር ጳጉሜን 5 ቀን 1990 ለማለት 5/13/1990 ተብሎ ቢጻፍ፣ ሶፍትዌሩ ሜይ 13 ቀን 1990 አድርጎ ይይዘዋል፤ ስሕተቱንም አይናገርም። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በተለያየ ዐምድ ቢሰፍሩ ይመረጣል። የመጽሐፉ የራሱ ዘመን በዓመተ ምሕረት፣ በዓመተ ዓለም ወይም በነገሠው ንጉሥ ስም ሊገለጽ ስለሚችል እንደ ተራ ጽሑፍ ይያዝ።

ፎቶግራፍና ጥንቃቄ

ለምዝገባ መላውን መጽሐፍ ማንሣት አያስፈልግም። የፊት ሽፋን፣ የኋላ ሽፋን፣ የመጀመሪያው ገጽ፣ አንድ ሥዕል ወይም ኅዳግ፣ እንዲሁም ልዩ ምልክቱ ይበቃሉ። 60 መጻሕፍት ያሉት ደብር በአምስት በአምስት ቢያነሣ 300 ፎቶ ይሆናል፤ አንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን በጠቅላላው 1.2 ጊጋባይት ነው፤ ይህም በተራ ፍላሽ ይያዛል። ሁሉንም ገጽ ማንሣት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ መጻሕፍቱ በአማካይ 150 ቅጠል ቢኖራቸው 18 ሺህ ፎቶና 72 ጊጋባይት ይጠይቃል። ፎቶው በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተቀምጦ ይነሣ። የፎቶው ፋይል ስም ከመለያ ቁጥሩ ጋር አንድ ይሁን።

መዝገቡ ራሱም ጥበቃ ይሻል። የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ሣጥን እንዳለ የሚናገር ዝርዝር በሌባ እጅ ከገባ መንገድ መሪ ይሆናል። ስለዚህ የመጽሐፉን ቦታ የያዘው ዐምድ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ አይሰራጭ፤ ማን እንደሚያየውም አስተዳዳሪውና ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ይወስኑ። ዝርዝሩ ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፦ አንዱ በኮምፒዩተር፣ ሁለተኛው በሌላ ቦታ በሚቀመጥ ፍላሽ፣ ሦስተኛው ታትሞ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት። ስልክ ይሰረቃል፤ ፍላሽ ይበላሻል፤ ወረቀቱ ግን ያለ መብራት ይነበባል።

ከመወሰን በፊት የሚደረግ ሙከራ

ማንኛውም ሶፍትዌር ሙሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአሥር መጻሕፍት ይፈተን። ከአሥሩ ውስጥ ሁለት ድርሰት የያዘ፣ ርእሱ የጠፋና ኅዳጉ በጽሑፍ የተሞላ መጽሐፍ ይካተት። ቀላሉን ብቻ የሚችል መዝገብ ከባዱ ሲመጣ ይፈርሳል።

ከዚያ ዝርዝሩን በ«ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ዓይነት አስወጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር መክፈት ይገባል። ፊደሉ፣ ቁጥሩና ቀኑ ሳይዛባ ከተከፈተ ሶፍትዌሩ ነገ ቢጠፋ መዝገቡ አይጠፋም። ያስገቡትን መልሶ የማያስወጣ ሶፍትዌር ምንም ያህል ያማረ ቢሆን አይመረጥ።

የመጨረሻው ፈተና የሰው ነው። በምዝገባው ያልነበረ አንድ ዲያቆን ዝርዝሩን ብቻ ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ይግባና አሥሩንም መጻሕፍት ያለ አመልካች ለይቶ ያውጣ። ዘጠኙን አግኝቶ በአንዱ ከተሳሳተ መታረም ያለበት የዚያ መጽሐፍ መግለጫ ነው። አሥሩንም ካገኘ መዝገቡ ከቄሰ ገበዙ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሊረከበው የሚችል ሆኗል ማለት ነው።