የሩዝ ምርታችሁን በኩንታል ብቻ አትመዝኑት

በፎገራ ሜዳ ከአጨዳ በኋላ የሚጠየቀው «ስንት ኩንታል አገኘህ?» ነው። «በስንት ዘር፣ ማዳበሪያና ጉልበት?» የሚል ግን ጥቂት ነው። የሀብት አጠቃቀም ቅልጥፍና የሚለካው በዚህኛው ጥያቄ ነው።

እናንተና ጎረቤታችሁ በአንድ ዓይነት መሬት ላይ እኩል አንድ አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ ሩዝ ዘራችሁ እንበል። ዘሩ፣ ዩሪያውና ጉልበቱም እኩል ነው። እሱ 10 ኩንታል፣ እናንተ 8 ካገኛችሁ፣ 8 ለ10 ሲካፈል ቅልጥፍናችሁ ከእሱ አንጻር 80 በመቶ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ሳትጨምሩ 2 ኩንታል የምታገኙበት መንገድ ሊኖር ይችላል። በማሳው ድልዳሎ፣ በውሃ አያያዝ፣ በውቂያ ብክነት ፈልጉት። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው አረሙ መቼ እንደታረመ ነው።

ለዚህ ደብተር ያስፈልጋል። ዘርና ማዳበሪያን በኪሎ፣ ጉልበትን በሰው ቀን መዝግቡ። 12 ሰው አንድ ቀን ካረመ 12 የሰው ቀን ነው። የቤተሰብም የደቦም ጉልበት ይቆጠር። ደቦ ወጪ የለውም የሚል አለ፤ ጠላውንና እንጀራውን ማን አቀረበው?

ምርቱን የምትመዝኑት ሳይፈተግ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥብ ሩዝ ሚዛን ላይ ስለሚከብድ ከጎረቤት ጋር ማነጻጸሩን ያበላሻል።