አልጎሪዝምን በዓይን መማር፦ ማየት ብቻውን ለምን አይበቃም?

ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠኑ ብዙ ተማሪዎች አልጎሪዝም የሚባለው ትምህርት ላይ ሲደርሱ ኮዱን መስመር በመስመር ይሸመድዳሉ። ፈተና ላይ ያው ኮድ ከመጣ ይጽፉታል፤ ጥያቄው ትንሽ ከተለወጠ ግን ብዕሩ ይቆማል። ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን አልጎሪዝም የሚንቀሳቀስ ነገር ሲሆን መጽሐፍ ላይ የሰፈረው ኮድ የቆመ ነው። እንቅስቃሴውን በአእምሮ መሳል ለጀማሪ ከባድ ነው።

ቃሉ ራሱ ለአንባቢያችን እንግዳ አይሆንም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ በባግዳዱ በይተል ሒክማ የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በሕንድ ቁጥሮች ስለ ማስላት ጽፎ ነበር። ሥራው ወደ ላቲን ሲተረጎም ስሙ «አልጎሪትሚ» ተብሎ ተጻፈ፤ የዛሬው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ትርጉሙ ማንም ቢከተለው አንድ ዓይነት ውጤት ላይ የሚያደርስ የእርምጃዎች ቅደም ተከተል ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ባብል ሶርት የሚባለው ቁጥር የመደርደሪያ ዘዴ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁጥሮችን ያወዳድራል፤ የግራው ከበለጠ ያለዋውጣቸዋል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይራመዳል። 7፣ 3፣ 9፣ 2፣ 5 ብንሰጠው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 3፣ 7፣ 2፣ 5፣ 9 ይሆናል። ትልቁ ቁጥር ቦታውን ያዘ፤ ሌሎቹ ገና ናቸው። ሁለተኛው ዙር 3፣ 2፣ 5፣ 7፣ 9 ይሰጣል፤ ሦስተኛው 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9። ለእኛ ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። ኮምፒውተሩ ግን እንደ እኛ በአንድ እይታ ሁሉንም አያይም፤ ስለዚህ አራተኛውንም ዙር ይሄዳል። ይህን በኮዱ ላይ አንብቦ ማስተዋል ይከብዳል፤ ቁጥሮቹ ሲንቀሳቀሱ ለሚያይ ሰው ግን ወዲያው ይታያል።

ይህን ለማሳየት የተደረገው ጥረት የቆየ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሮናልድ ቤከር «ሶርቲንግ አውት ሶርቲንግ» የተባለ የግማሽ ሰዓት ፊልም አዘጋጀ፤ ዘጠኝ የመደርደሪያ ዘዴዎችን በእንቅስቃሴ ካሳየ በኋላ በመጨረሻ ያሽቀዳድማቸዋል። ፊልም ግን ጥያቄ አይቀበልም። በ2011 በሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ሃሊም የጀመረው «ቪዙአልጎ» ይቀበላል፦ ተማሪው የራሱን ቁጥሮች ያስገባል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያቆማል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚያው ስክሪን ላይ እየተሠራ ያለው የትእዛዝ መስመር በቀለም ይለያል። የሚከፈልበትም አይደለም።

ይሁንና ወጥመድ አለው። እናቱ እንጀራ ስትጋግር እያየ ያደገ ሁሉ ምጣድ ፊት ሲቆም ዓይን ያለው እንጀራ አያወጣም። ክሪስቶፈር ሃንድሃውዘን፣ ሳራ ዳግላስ እና ጆን ስታስኮ በ2002 በአልጎሪዝም ምስላዊ ማሳያዎች ላይ የተደረጉ 24 ሙከራዎችን መርምረው ነበር። የደረሱበት ድምዳሜ ተማሪው በማሳያው ምን እንደሚሠራ ከሚያየው ነገር ይልቅ ለውጤቱ ወሳኝ ነው የሚል ነው። ባለቀለም ዘንጎች ሲለዋወጡ ማየት ደስ ይላል፤ «ገባኝ» የሚል ስሜትም ይፈጥራል። ፈተናው ላይ የሚጎዳው ይህ ስሜት ነው።

ስለዚህ ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት ቀጣዩ እርምጃ ምን እንደሚሆን ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ይጫኑ። ግምትዎ ከተሳሳተ ወደፊት አይሂዱ፤ አንድ እርምጃ ተመልሰው ምክንያቱን ይፈልጉ። ቀጥሎ አስቸጋሪ ቁጥሮች ይስጡት፦ ቀድሞውኑ የተደረደሩ፣ ተገልብጠው የተደረደሩ፣ ሁሉም እኩል የሆኑ። የተደረደሩ አምስት ቁጥሮች ሲሰጡት ተራው ባብል ሶርት አሥር ጊዜ ያወዳድራል። «በዚህ ዙር ምንም ካልተለዋወጠ አቁም» የሚል አንድ ትእዛዝ ሲጨመርበት ወደ አራት ይወርዳል። ይህን መሻሻል ተማሪው ራሱ ካገኘው አይረሳውም።

በመቁጠሩ ላይ መቆየት ይበጃል ባይ ነኝ፤ የአልጎሪዝም ትምህርት ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚያ ነውና። ለ1,000 ቁጥሮች ተራው ባብል ሶርት 499,500 ጊዜ ያወዳድራል። ዝርዝሩን ለሁለት እየከፈለ መልሶ የሚያዋህደው መርጅ ሶርት ቢበዛ ከ9,000 በታች ይበቃዋል። በስድስት ወይም በሰባት ቁጥር ብቻ ያየ ተማሪ ሁለቱ ተቀራራቢ ይመስሉታል።

ኢንተርኔት የሌለው ወይም ዳታ የሚቆጥብ ተማሪም አልተከለከለም። ቁጥር የተጻፈባቸው ስምንት የወረቀት ቁርጥራጮች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በእጅ መደርደር፣ እያንዳንዱን እርምጃም ለጓደኛ ጮክ ብሎ መናገር ይችላል። ደንቡ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ ሁለት ወረቀት ብቻ ይገለጣል፤ ኮምፒውተሩም የሚያየው ያንን ያህል ነውና።

በመጨረሻ ማሳያው ይዘጋና ኮዱ ከባዶ ገጽ ይጻፋል። ካልሠራ መልሱን ከመፈለግ በፊት ኮዱ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ዝርዝሩን እንዲያትም ማድረግ ነው። ከዚያ ያንኑ ዝርዝር ማሳያው ላይ አስገብቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት፤ ስህተቱ መጀመሪያ የተለያዩበት ዙር ውስጥ አለ።