አረጋዊ ወላጅ ሲረሱና ጠባያቸው ሲለወጥ ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?



ወደ ክሊኒካችን የምትመጡት ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ለመመካከር ወይም ለእርግዝና ክትትል እንደሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ የቤተሰብ ጤና ሲባል ባልና ሚስትን፣ ልጆችንና አብረዋቸው የሚኖሩ አረጋውያንን ሁሉ ያጠቃልላል። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ቤት ውስጥ እያለ በግልጽ ስለማይነገር ችግር እንወያያለን።

አንዲት እናት የሦስት ወር መርፌዋን ለመወጋት መጥታ የደም ግፊቷን ስለካ እንባዋ ወረደ። አማቷ «ከመቀነቴ ላይ ገንዘቤን ሰረቀችኝ» እያሉ ለጎረቤት ይናገራሉ። ሌሊት ተነስተው በር ይደበድባሉ። ባሏ ማታ ከሥራ ሲመለስ ስሞታውን ሰምቶ «እናቴን ምን አድርገሻት ነው?» ይላታል። በጭቅጭቁ ብዛት ሁለተኛ ልጅ የመውለድ ሐሳባቸውን ትተውታል። አማቷ የታመሙ መሆናቸውን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በሽታው ምንድን ነው?

ሕዝባችን «ጃጅተዋል» ይላል። በሕክምና ዲሜንሺያ ወይም የመርሳት በሽታ ይባላል። ዕድሜ ሲገፋ የሰው ስም ወይም ቁልፍ ያስቀመጡበትን ቦታ አልፎ አልፎ መርሳት ያለ ነው። የመርሳት በሽታ ግን የአንጎል ሴሎች እየተጎዱ ሲሄዱ የሚመጣ ሕመም ሲሆን፣ ከማስታወስ ሌላ ማመዛዘንን፣ ንግግርን፣ ስሜትንና ጠባይን ይለውጣል። በብዛት የሚታየው አልዛይመር የሚባለው ዓይነት ነው። ስሙን ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ1906 በሽታውን ከገለጹት ጀርመናዊ ሐኪም ከዶክተር አሎይስ አልዛይመር ነው። ሌላው ዓይነት የአንጎል ደም ሥሮች በደም ግፊት፣ በስኳር በሽታና በመሳሰሉት ሲጎዱ ይከሰታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በሽታው እርግማን፣ መተት ወይም የምራት ክፋት ያመጣው አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ጠባያቸው ለምን ይለወጣል?

እማማ ገንዘቡን ራሳቸው ደብቀው ረስተውታል። መርሳታቸውን ስለማያውቁ «ተሰረቅሁ» ብለው ያምናሉ። ብዙ ጊዜ የሚከሰሰውም ቀን ከሌት አጠገባቸው የሚውለው አስታማሚ ነው። በተለይ ወደ ማምሻው ግራ መጋባታቸው ሊብስ ይችላል። በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ይህን የሚሉት ፍርሃት ስለያዛቸውና የሚያውቁትን ቦታ ስለናፈቁ ሊሆን ይችላል።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

1. አትከራከሩ። «አልሰረቅሁም፣ ራስዎ ነው የደበቁት» ማለት ቁጣውን ያባብሰዋል። «አይዞዎት እማማ፣ አብረን እንፈልገው» በሏቸው። ጥቂት ቆይታችሁ ሐሳባቸውን ወደ ቡና፣ ወደ ጸሎት ወይም ወደሚወዱት ጨዋታ መልሱ።

2. ምክንያቱን ፈልጉ። መናገር ያቃተው ሰው ሕመሙን በቁጣ ይገልጻል። ርቧቸው፣ ጠምቷቸው፣ ሽንት ይዟቸው፣ ሆድ ድርቀት ወይም የጥርስ ሕመም ኖሮባቸው እንደሆነ ተመልከቱ።

3. ለቀኑ ሥርዓት አውጡለት። ምግብ፣ መታጠብና መኝታ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ቀን ፀሐይ ይሙቁ፣ በእግራቸው ትንሽ ይንቀሳቀሱ። ከሰዓት በኋላ ቡና ይቀነስ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ላይ መብራት ይኑር።

4. አደጋን ተከላከሉ። ከሰል፣ ቡታጋዝ፣ በረኪናና መድኃኒት እጃቸው ከማይደርስበት ይቀመጥ። ወጥተው እንዳይጠፉ ለጎረቤትና ለባለሱቅ ንገሩ። ስልክ ቁጥራችሁን በልብሳቸው ውስጥ ስፉ። ብቻቸውን ቆልፋችሁባቸው አትሂዱ፤ እሳት ቢነሳ መውጫ ያጣሉ።

5. ክብራቸውን ጠብቁ። ልጆች እንዳይስቁባቸው አስተምሩ። ሽሮ መልቀምና ልብስ ማጠፍ የመሳሰሉ የሚችሉትን ሥራ አትንጠቋቸው።

ሐኪም ዘንድ መቼ ይሂዱ?

ጠባያቸው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ከተለወጠ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ ማነስ ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ወገን ከሰነፈ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት መድረስ ያስፈልጋል። የሚረሳ ሁሉም የመርሳት በሽታ የለበትም። የድብርት ሕመም፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።

የመርሳት በሽታን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ሆኖም ሐኪም ሊያግዝ የሚችለው ብዙ ነው። «ይተኙልን» ብላችሁ የእንቅልፍ ወይም የአእምሮ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ። የእንቅልፍ መድኃኒት ያወድቃቸዋል፣ ግራ መጋባትንም ይጨምራል። አንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶች ደግሞ በእነዚህ ሕሙማን ላይ ለስትሮክና ለሞት የሚያጋልጡ መሆናቸው ታውቋል። ጠበል የሚወስዷቸው ቤተሰቦችም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አያቋርጡ። ሕመምተኛን ማሰርና መምታት በየትም ቦታ ጉዳት እንጂ ሕክምና አይሆንም።

ለባልና ለሚስት

አባወራ ሆይ፣ እናትህን ማስታመም የሚስትህ ሥራ ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ተከፋፈሉ። እህትና ወንድም በሳምንት አንድ ቀን ተራ ይግቡ፤ የማይችልም በገንዘብ ይርዳ። ስሞታ ስትሰማ ፍርድ ከመስጠትህ በፊት ሚስትህን ጠይቃት። ያለ እረፍት የምታስታምም ሴት ራሷ ትታመማለች።

ልጅ መቼ እንደሚወለድም ተመካከሩ። እንቅልፍ ያጣች እናት በየቀኑ የሚዋጠውን እንክብል ልትረሳ ትችላለች። ክንድ ሥር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ሉፕ ደግሞ ከዚያም ለበለጠ ጊዜ ስለሚያገለግል ነርሷን ጠይቁ።

ያቺ እናት በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከባሏ ጋር መጣች። ገንዘቡ ከእማማ ትራስ ውስጥ ተገኝቷል። እማማ ዛሬም «ተሰረቅሁ» ማለታቸውን አልተዉም። አሁን ግን ባል ተነስቶ «አይዞሽ እማዬ፣ አብረን እንፈልገዋለን» ይላል፤ ሚስትም ትተኛለች።

በቤታችሁ ተመሳሳይ ችግር ካለ በምትመጡበት ቀን ሳታፍሩ ንገሩን።