እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የበጎ ፈቃደኞች የቲያትር ቡድን አነሳስና ዓላማ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ስለሆንኩ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው የማጫውታችሁ።

ቡድናችን የተጀመረው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ ውስጥ ነው። ደመወዝ የለ፣ አበል የለ። ልብሱን ከየቤታችን እናመጣለን፤ መድረካችን የሰንደቅ ዓላማው ሜዳ ነበር። ጊዜው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በፊት ነው። ያኔ ኤድስ ሲባል የሚታየን የራስ ቅልና ሞት ብቻ ነበር። እኛም በጭውውታችን ይህንኑ ደገምነው። ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት መጨረሻ ላይ ትሞታለች፣ ተመልካቹ ያለቅሳል፣ ለእኛ ይጨበጨባል።

አንድ ቀን ከዝግጅቱ በኋላ አንዲት ተማሪ መጣችና፣ «እናቴን ቀበራችኋት! እናቴ እኮ ቤት ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው» አለችን። የምንመልሰው ጠፋን። መድልዎና መገለልን እንዋጋለን እያልን ለካስ አግላዮቹ እኛው ነበርን!

የክበባችን ተጠሪ መምህር ይህን ሲሰሙ ስለ ብራዚላዊው የቲያትር ሰው ስለ ኦገስቶ ቦአል አጫወቱን። ቦአል እ.ኤ.አ. በ1973 ፔሩ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሠራ፣ ተመልካቾች ለታየው ችግር መፍትሔ እንዲናገሩ፣ ተዋንያኑም የተባለውን እንዲያሳዩ ያደርግ ነበር። አንዲት ተመልካች ግን ተዋንያኑ ሐሳቧን ደጋግመው ቢሞክሩትም አልረካችም። በመጨረሻ ራሷ መድረክ ላይ ወጥታ አሳየቻቸው። ፎረም ቲያትር የሚባለው ዘዴ ከዚህ ገጠመኝ ተወለደ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አጭር ጭውውት ይቀርብና ባለታሪኩ ችግሩን ሳይወጣው ያልቃል። ከዚያ ጭውውቱ እንደገና ይጀመራል። የተሻለ ሐሳብ ያለው ተመልካች «ቁም!» ብሎ ይወጣና በባለታሪኩ ቦታ ይተካል። ሌሎቹ ተዋንያን ነገሩን አያቀሉለትም፤ በእውነተኛው ኑሮ እንደሚሆነው ይፈትኑታል። መድረክ መሪው መልስ አይሰጥም፤ «ይህ በእኛ ሰፈር ይሠራል?» እያለ ተመልካቹን ይጠይቃል።

መድኃኒቱ ሲመጣ እኛም ጭውውታችንን ቀየርን። አንዲት ተማሪ መድኃኒቷን ስትውጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ታያትና ቦታ ትቀይራለች። የሁለቱም ጓደኛ የሆነው ልጅ ሁሉን እያየ ዝም ይላል። በእሱ ቦታ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

አንድ ልጅ ወጣና ስለ መገለል ረዥም ንግግር አደረገ። ቦታ የቀየረችው ተዋናይት «እሺ፣ አንተስ አጠገቧ ትቀመጣለህ?» አለችው። ልጁ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ደብተሩን አንስቶ ሄዶ ተቀመጠ። በዚያ ቀን የተጨበጨበው ለእሱ ነው።

እንግዲህ ዓላማችን ይህ ነው። ፍርሃት ሰውን ከምርመራ ያሸሻል እንጂ አያስተምርም። በንግግር የምናውቀውን ነገር በተግባር መሞከር ግን ይለያል፤ መድረክ ላይ አንዴ የሞከረ ሰው ክፍል ውስጥ ሲገጥመው አዲስ አይሆንበትም።

ዛሬ የምናቀርበው ጭውውት በወቅቱ እውቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ኤች አይ ቪ አብሮ በመማር፣ በመብላትም ሆነ በመጨባበጥ አይተላለፍም። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህ ማለት ግን ድኗል ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው።

ያቺ ተማሪ ዝግጅታችንን ለማየት እስክትመለስ ብዙ ጊዜ ወስዶባታል። ስለዚህ እናንተም በክበባችሁ ጭውውት ስታዘጋጁ አንድ ነገር አትርሱ፤ ከተመልካቾቹ መካከል ታሪኩ የራሱ የሆነ ሰው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው አንገቱን ሳይደፋ ወደ ቤቱ ይሄዳል ወይ? መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት!